ፈረሱም ቢዋጋስ?

በ1968 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የዲዝኒ ስቱዲዮ «ዘ ላቭ በግ» የተሰኘ የቤተሰብ ኮሜዲ ለዕይታ አበቃ። ዕድል ፊቷን ያዞረችበት ጂም ዳግላስ የሚባል የመኪና ተወዳዳሪ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ፣ የራሱ ፈቃድና የራሱ ኩርፊያ ካለው አንድ ነጭ ቮልስ ጋር ይገናኛል። መኪናው ሄርቢ ይባላል። ሾፌር ሳያስፈልገው ይሄዳል፤ የጠላውን ሰው ዘይት ይረጭበታል፤ የወደደውን ደግሞ በሩን ቆልፎ አላስወርድም ይላል። በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ይህ ፊልም እስከ 2005 ድረስ ተከታይ ሲወጣለት ኖሯል። የሚታወሰው በልጆች ሳቅ ነው፤ ተገቢም ነው። ከሳቁ ሥር ግን አንድ ጠንካራ ክርክር ተቀምጧል እላለሁ። መኪና ማሰብ ይችላል ወይ የሚለው ለፊልሙ ጉዳዩ አይደለም፤ ያንን ገና ከመነሻው እንደ ተረት ተቀብሎት ያልፋል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሥራውን የሠራው ሌላ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን የሚወስደው ማን ነው? ጥፋት ሲደርስስ ዕዳው የማን ነው? ያለ ሾፌር የሚሄዱ መኪኖች በዚያችው በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች ላይ በእውን በሚመላለሱበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ጥያቄ የልጆች ብቻ መሆኑ አብቅቷል።

የታሪኩ መነሻ የማዕረግ ነገር ነው። ሄርቢን መጀመሪያ የገዛችው አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ለቤት ሠራተኛዋ ብላ ነው፤ አስቸገረ ተብሎ ወደ ሻጩ ተመለሰ። ሻጩ ፒተር ቶርንዳይክ ቅንጡ የአውሮፓ መኪኖች ይነግዳል፣ እሱ ራሱም ይወዳደራል። በሚያብረቀርቁት መኪኖቹ መሀል ይህ ድቡልቡል ነገር ብቅ ሲል ያፍርበታል፣ በእግሩም ይለዋል። ጂም ነገሩን አይቶ ዝም አላለም፤ ለመኪናው ተከራከረለት። በማግስቱ ሄርቢ ከጂም ደጅ ቆሞ ተገኘ፤ የሌብነት ክስ መጣ፤ ክሱም የቀረው ጂም መኪናውን በየጊዜው በሚከፈል ብድር ለመግዛት ሲስማማ ነው። ከዚያ በኋላ ድል በድል ሆነ። ጸሐፊዎቹ ቢል ዋልሽና ዶን ዳግራዲ ጨዋታውን የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። ጂም ያሸነፈውን ሁሉ የገዛ እጁ ጥበብ አድርጎ ይቆጥረዋል። አብሮት የሚኖረው ሜካኒኩ ቴነሲ «ይህ መኪና ልብ አለው» ሲለው ይስቅበታል። ተመልካቹ፣ በተለይ ሕፃኑ፣ እውነቱን ከጂም ቀድሞ ያውቃል፤ ሳቁም የሚመጣው ጂም በራሱ በሚያምነውና እኛ በዓይናችን በምናየው መካከል ካለው ርቀት ነው። እንግዲህ ፊልሙ ልጆችን የሚያስቀው በአንድ ውለታ ቢስ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ያውም ክፉ ባልሆነ፣ በምንወደው ሰው።

ውለታ ቢስነቱ የሚታየው ድሉ ሲቋረጥ ነው። ቶርንዳይክ በአንድ ውድድር ዋዜማ በሄርቢ የነዳጅ ቋት ውስጥ አይሪሽ ኮፊ የሚሉትን በውስኪና በክሬም የሚዘጋጅ ቡና ይደፋበታል። በማግስቱ መኪናው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ስቅታ ይይዘዋል፣ ይሸነፋል። ጂም ምን ነካው ብሎ አልጠየቀም። በዚያው ምሽት አዲስ ላምቦርጊኒ ይዞ መጣ፤ ሄርቢን ደግሞ ለዚያው በእግሩ ለመታው ነጋዴ መልሶ ሊሸጠው አስቦ ነበር። ሄርቢ ላምቦርጊኒውን ይጨፈልቀዋል። ልብ ማለት የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ሲያሸንፉ «እኔ»፣ ሲሸነፉ «እሱ»። ጂም ጥፋቱን የሚረዳው ሄርቢ ጠፍቶ፣ ከተማውን አተራምሶ፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ራሱን ሊወረውር ሲል ደርሶ ነው። ሊያድነው የሄደው ሰው ራሱ ሊወድቅ ሲል ጎትቶ የሚያተርፈው መኪናው ነው። ለልጆች በተሠራ ኮሜዲ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨለማ ትዕይንት መግባቱ ዛሬም ያስገርማል፤ ዳይሬክተሩ ሮበርት ስቲቨንሰን ግን ያለ ምክንያት አላስገባውም። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ጂም ባለንብረት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለዕዳ ነው።

ባለዕዳ የምለው በቁሙ ነው። ሄርቢ በብስጭት ሲሮጥ በቻይናታውን የሚስተር ዉን ሱቅ ሰባብሯል፤ ዉም ካሳውን ይጠይቃል። ጂም «መኪናው በራሱ ፈቃድ ነው ያደረገው፣ እኔ ምን አገባኝ» ለማለት ከማንም የበለጠ ምክንያት ነበረው፤ በዚህ ፊልም ዓለም ውስጥ ይህ አባባል ውሸት እንኳ አይሆንም። ግን አላለውም። ኤል ዶራዶ በሚባለው ረጅም ውድድር ሄርቢን ይዞ ሊገባ፣ ቢያሸንፍ የሽልማቱ ገንዘብ ለዉ ሊሆን፣ መኪናው ደግሞ በአንድ ዶላር ሊመለስለት ተስማማ። የውድድሩ መጨረሻ የሲኒማ ታሪክ የማይረሳው ቀልድ ነው፤ ሄርቢ መሀል ለመሀል ለሁለት ይከፈላል፤ ሞተሩ ያለበት የኋላው ግማሽ ሜካኒኩን ይዞ አንደኛ ይገባል፣ ቶርንዳይክ ሁለተኛ ይሆናል፣ ጂም የተቀመጠበት የፊቱ ግማሽ እየተንከባለለ ሦስተኛ ይደርሳል። መሪውን የጨበጠው ሰው ሦስተኛ ወጣ ማለት ነው። አንደኛ የወጣው የሚገፋው ክፍል ነው፤ የሞተሩና የሜካኒኩ ወገን። ፊልሙ ክርክሩን የዘጋው በዚህ ነው፤ ምስጋናው ለሄርቢ፣ ዕዳው ለጂም።

ይህን ሚዛን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሩቅ አይመለከተውም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ጀግና ሲፎክር የሚጠራው የፈረሱን ስም ነበር። እርግጥ ነው፣ የፈረስ ስም የባለቤቱን ክብር ማጉያም ነው፤ ለፈረሱ ርስት የተከለለት የለም። ቢሆንም ድሉን ብቻዬን አላመጣሁትም ብሎ በአደባባይ መመስከር ነው፤ ጂም ዳግላስ እዚህ ለመድረስ ፊልሙን ሙሉ ፈጅቶበታል። በሌላ በኩል ደግሞ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚል ተረት አለን። ይህ ተረት ለእኔ ክርክር ትልቁ ተቃውሞ ነው። መሣሪያ መሣሪያ ነው፤ ያደርሳል፤ የሚዋጋው፣ የሚያሸንፈውና የሚሸነፈው ሰው ነው፤ ስለዚህ ለመኪና ምስጋና ማካፈል የልጅ ጨዋታ ነው ይላል ተቃዋሚው። ተረቱ በአንድ ነገር ትክክል ነው፤ የውጊያው ሒሳብ የሚወራረደው ከፈረሰኛው ጋር ነው። ፊልሙም ይህን አይክድም። የሚጨምረው ግን አንድ ጥያቄ አለ። ፈረሱም ቢዋጋስ? የሚያደርሰው ነገር እየወሰነ፣ እየመረጠ፣ እየታጠፈና እየቆመ ከሄደ፣ ፈረሰኛው ከሒሳቡ ነፃ ይወጣል? የ1968ቱ ኮሜዲ መልስ አይወጣም የሚል ነው፤ የፈረሱ ብልኀት ምስጋናውን ያከፋፍላል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም።

ወደ ፊልሙ አሠራር ገባ ብለን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ሄርቢ ያለ ሾፌር ሲሄድ የምናየው፣ አንድ የተደበቀ ሾፌር ከኋላ ወንበር በኩል ዝቅ ብሎ፣ ለእሱ ብቻ በተሠራ ሁለተኛ መሪ እየነዳው ነው። ትልልቆቹን መኪኖች ሲቀድም የምናየው ደግሞ ለፍጥነቱ ትዕይንት በተዘጋጁት መኪኖች ውስጥ የፖርሸ ሞተር ተገጥሞ ነው። ማለትም ጂም ድሉን ከሄርቢ ወስዶ የራሱ እንዳደረገው ሁሉ፣ ሄርቢም በተራው የሰውን ሥራ በስሙ ይዞ ነበር። ይህን የምለው የፊልሙን ምትሐት ለማፍረስ አይደለም፤ ሲኒማ እንዲህ ነው የሚሠራው። የምለው፣ «በራሱ ይሄዳል» የተባለ ነገር ሁሉ ሲፈተሽ ከኋላ ወንበሩ ሰው አይጠፋውም ነው። ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዌይሞ የተባለው ኩባንያ ነጫጭ ጃጓሮችን ያለ ሾፌር ያሰማራል፤ ከ2024 ጀምሮ አገልግሎቱ መተግበሪያውን ለጫነ ሁሉ ክፍት ሆኗል። ተሳፋሪው ከኋላ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ባዶ ወንበር፣ ከባዶው ወንበር ፊት ደግሞ ብቻውን የሚዞር መሪ ይታየዋል። ትዕይንቱ የዲዝኒ ፊልም ይመስላል። ይሁንና መኪናው ግራ ሲገባው ከሩቅ ቢሮ ሆነው አቅጣጫ የሚጠቁሙት ሠራተኞች አሉ። መኪኖች እግረኛን ከምሰሶ፣ ብስክሌትን ከጥላ መለየት የሚማሩትም፣ እንደ ኬንያና ፊሊፒንስ ባሉ አገሮች ጭምር በአነስተኛ ክፍያ ምስል በምስል እየለዩ ምልክት ሲያደርጉ በሚውሉ ሰዎች ድካም ነው። «መኪናው አሰበ» ሲባል እነዚህ ሰዎች ከታሪኩ ይወጣሉ።

ምስጋናው ላይ ሰው ሲረሳ ዕዳው ላይ ግን በፍጥነት ይታወሳል፤ ያውም ዝቅተኛው ሰው። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ግዛት ቴምፒ ከተማ፣ ኡበር የተባለው ኩባንያ ይሞክረው የነበረ በራሱ የሚሄድ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ የመኪናው መሣሪያዎች ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ አስቀድመው አይተዋታል፤ ሥርዓቱ ግን እግረኛ መሆኗን በትክክል ሳይለይ ቀረ። መኪናው ከፋብሪካው ይዞት የመጣው የድንገተኛ ፍሬን፣ ኮምፒዩተሩ በሚነዳበት ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ቦርዱ የኩባንያውን የደኅንነት ባህል ነቅፏል፤ ወንበሩ ላይ የነበረችው ተቆጣጣሪ ዓይኗ ስልኳ ላይ እንደነበረም አረጋግጧል። መጨረሻው ምን ሆነ? ዐቃቤ ሕግ በ2019 ኩባንያውን በወንጀል ለመክሰስ መሠረት የለም አለ። ተቆጣጣሪዋ በ2020 ተከሰሰች፤ በ2023 ጥፋተኛነቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት። ተቆጣጣሪዋ ንጹሕ ናት አልልም፤ ሥራዋ መንገዱን ማየት ነበር። ግን ሥርዓቱን የቀረጸው፣ ፍሬኑን ያጠፋው፣ አንድን ሰው ለሰዓታት ምንም ሳይሠራ ነቅቶ እንዲጠብቅ ያስቀመጠው ሁሉ ከወንጀል ተጠያቂነት ወጥቶ፣ ችሎት ፊት የቀረው ወንበሩ ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ሚዛኑ ከዲዝኒ ኮሜዲ ያነሰ ነው። ጂም ዳግላስ ሚስተር ዉ ፊት የቆመው እሱ ራሱ ነበር፤ ቴነሲን አልላከም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። የሰው ሾፌር መች ቅዱስ ሆነ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከዚህ አብዛኛው የሚደርሰው በሰው ስሕተት፣ በፍጥነትና በመጠጥ ነው። ማሽን አይሰክርም፣ አያንቀላፋም፣ አይቆጣም፤ ኩባንያዎቹም መኪኖቻቸው ከሰው ሾፌር ያነሰ አደጋ እንደሚያደርሱ የሚያሳይ ቁጥር ያወጣሉ። እንግዲህ በአንድ አደጋ ተነስቶ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ቴክኖሎጂን መጠራጠር ጭፍንነት አይሆንም ወይ? ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ቁጥሮቹም እውነት ሆነው እንዲገኙ እመኛለሁ። ነገር ግን ክርክሩ የእኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። «ይህን ያህል ሕይወት ያተረፍነው እኛ ነን» የሚል ኩባንያ ምስጋናውን በስሙ ወስዷል። ምስጋናውን በስሙ የወሰደ፣ የጠፋውም ሕይወት በስሙ ይመዝገብ። ይህ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በጥቅምት 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ በሌላ ሾፌር የተገጨች እግረኛ ክሩዝ የተባለ ኩባንያ ያለ ሾፌር ባሰማራው መኪና ሥር ገብታ ተጎተተች። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪዎች ባለሥልጣን የሄደው ወደ ኩባንያው ነው፤ ስለ መኪኖቹ ደኅንነት የተሳሳተ መረጃ ሰጥቷል ብሎ ያለ ሾፌር የመንዳት ፈቃዱን አገደበት። የክሩዝ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስም በ2024 መጨረሻ ያለ ሾፌር የታክሲ ሥራውን ተወ። ተጠያቂነት ቴክኖሎጂን ይገድላል የሚሉ አሉ፤ በዚያችው ከተማ ግን ሌላው ኩባንያ፣ ዌይሞ፣ ሥራውን ቀጥሏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊልሙ ከራሱ ጋር ነው። ማሽን ልብ አለው ብሎ ሕፃንን ማሳመን፣ በተለይ ሰዎች ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር ወዳጅነት በሚመሠርቱበት ዘመን፣ አደገኛ ተረት አይሆንም? የሚያሳስብ ነጥብ ነው። ነገር ግን ሄርቢ ምን ዓይነት ልብ እንደተሰጠው እንመልከት። በ1968ቱ ፊልም ሄርቢ አይናገርም፤ ዓይኑን አያርገበግብም፤ ፈገግ አይልም። ያለው በር፣ ክላክስ፣ ኮፈንና ጎማ ብቻ ነው። ተመልካቹ ሐዘኑንም ደስታውንም ከአነዳዱ እንዲያነብ ይገደዳል። ከሁሉ በላይ ሄርቢ እምቢ ይላል። ጌታውን አያቆላምጥም፤ ሲከፋው ይሄዳል፣ ሲቀና ይሰብራል። ዛሬ አሳቢ ተብለው የሚሸጡልን ማሽኖች ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደንበኛውን ማስደሰት ሥራቸው ነው፤ እምቢ ቢሉም የሠራቸው ኩባንያ ያዘዘውን እምቢታ ነው። ከዚህ የተነሳ ሄርቢን የወደደ ልጅ ለማሽን ይንበረከካል ብዬ አልሰጋም። ልጁ የሚማረው፣ ዝም ብሎ የሚያገለግለውም ሊበደል እንደሚችል ነው። ይህ ትምህርት ለመኪና ከመዋሉ በፊት ለሰው ይውላል፤ ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለሜካኒኩ፣ ለረዳቱ። በኋላ የመጡት ተከታዮች ይህን ኃይል ያጡትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በ1977ቱ ሄርቢ ከአንዲት ላንቺያ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ በ2005ቱ ደግሞ የፊት መብራቱ በኮምፒዩተር ታግዞ እንደ ዓይን ይጠቃቀሳል። ፊት በተሰጠው መጠን ትርኢት እየሆነ ሄደ፤ «ያሸነፈው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄም ደበዘዘ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብና የታሪክ ነው። ይህ ሁሉ ለቮልስዋገን የተሠራ ረጅም ማስታወቂያ አይደለም ወይ? በመጀመሪያው ፊልም የኩባንያው ስም አይጠራም፣ ዓርማውም ከመኪናው ላይ ተነስቷል፤ ቢሆንም የመኪናውን ቅርጽ የማያውቅ ተመልካች አልነበረም፣ ኩባንያውም መጠቀሙ አይቀርም። ከባዱ ነገር ግን ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው ታሪክ ነው። ይህ ተወዳጅ መኪና የተጠነሰሰው በሂትለር ዘመን፣ በፈርዲናንድ ፖርሸ እጅ ነው። ከ300 ሺሕ የሚበልጡ ጀርመናውያን በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ለመኪናው ቢቆጥቡም፣ ጦርነት መጥቶ አንድም ቆጣቢ በዚያ ቁጠባ መኪና አልተረከበም። ፋብሪካው በጦርነቱ ዓመታት በግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት ሠራ። ሄርቢ የታዋቂነት ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙም የሚያወራ አልነበረም፤ ኩባንያው ለቀድሞ የግዳጅ ሠራተኞች የእርዳታ ፈንድ ያቋቋመው በ1998 ነው፤ ፊልሙ ከወጣ ከ30 ዓመት በኋላ። ይህን እያነሱ ፊልሙን መጣል ይቻላል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የበለጠ የፊልሙን ጥያቄ የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኝም። መኪናው ዓለምን አሸነፈ፤ እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመረተ። ስሙ ሲወሳ ንድፍ አውጪው ይጠቀሳል፣ ማስታወቂያ ሠሪው ይደነቃል፣ ሄርቢም ይሳቅለታል። በግዳጅ የሠራው ሰው ስም ግን ሞተሩ ካለበት የኋላው ግማሽ ጋር አንደኛ አልገባም።

መኪናን የሰው ማዕረግ መለኪያ የማድረግ ልማድም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ እኛም እናውቀዋለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ባወረደበት ዕለት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ለሠራተኛው ሕዝብ ታስቦ የተሠራ መኪና ለንጉሠ ነገሥት ማሳነሻ ሆኖ ዋለ፤ የጊዜው ተመልካችም መልእክቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ቶርንዳይክ ሄርቢን በእግሩ ሲል፣ ጂምም ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ላምቦርጊኒ ሲሮጥ የሚያስቡት በዚሁ ሚዛን ነው፤ የተሳፈሩበት ነገር ትልቅነት የራስ ትልቅነት ይመስላቸዋል። ፊልሙ ይህን ሚዛን ገልብጦታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልገለበጠውም። ሚስተር ዉ በዘመኑ ሆሊውድ የቻይናን ሰው ይሥልበት በነበረው አሳሳል ተሥሏል፤ ቴነሲ በፊልሙ ስለ ቲቤት የሚያወራው ወሬም ሩቅ አገርን የምሥጢር ጎተራ ያደርጋል። የትንሹን መኪና ክብር የተከራከረ ፊልም ለትንሹ ሰው ያው ክርክር ጎድሎታል። ጉድለቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ልጆች ሲያዩት አብሮ የተቀመጠ አዋቂ ሊነግራቸው ይችላል።

ይህ ሁሉ የካሊፎርኒያ ጉዳይ ነው፣ በእኛ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና የለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ያለ ሾፌር የሚሄድ ውሳኔ ግን ሞልቷል። በስልክ በሚጠራ ታክሲ ዋጋውን የሚያሰላው ፕሮግራሙ ነው፤ ሒሳቡ ሲበዛበት ተሳፋሪው የሚጨቃጨቀው ግን ዋጋውን ካላወጣው ሾፌር ጋር ነው። ለጉዳይ በሄድንበት መሥሪያ ቤት «ሲስተም የለም»፣ «ሲስተሙ አልቀበል አለ» የሚል መልስ የዕለት እንጀራችን ሆኗል። ሲስተሙ የራሱ ፈቃድና የራሱ ኩርፊያ ያለው ፍጡር ይመስል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ባለጉዳዩም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሥራው የተሳካ ቀን ደግሞ ሪባን የሚቆርጥ ኃላፊ አይጠፋም፤ ዘመናዊ ሲስተም ዘረጋን የሚል ንግግር ይደረጋል። እንግዲህ ሲሠራ የኃላፊው፣ ሲበላሽ የሲስተሙ ነው ማለት ነው። ጂም ዳግላስ በፊልሙ አጋማሽ ላይ የነበረበት ቦታ በትክክል ይህ ነው።

መፍትሔው ከባድ ምርምር አይጠይቅም። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ኩባንያ በማሽን የሚወስን ከሆነ፣ ውሳኔው ሲሳሳት የሚቆም፣ ስሙና ሥልጣኑ የታወቀ ሰው ከማሽኑ በላይ ይኑር፤ ይህም ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ከሥርዓቱ ጥቅም የሚያገኘው ወገን የካሳውን ሸክም ይሸከም እንጂ ወንበሩ ላይ ወደተገኘ ተቀጣሪ አያሸጋግር። ማሽኑን የሚያስተምሩት፣ ከሩቅ የሚቆጣጠሩትና የሚጠግኑት ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ይታዩ፣ ክፍያቸውም እንደ ድርሻቸው ይሁን። ሕግ አውጪዎች ይህን ለመጻፍ ዓመታት ይወስድባቸው ይሆናል። ወላጆች ግን ዛሬውኑ ከልጆቻቸው ጋር ፊልሙን አይተው ሁለት ነገር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያሸነፈው ማን ነው? የተሰበረውን ሱቅ የከፈለውስ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነጣጥሎ አለመተውን በልጅነቱ የለመደ ዜጋ፣ አድጎ «ሲስተሙ ነው» ሲሉት «ሲስተሙ የማን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ከመስኮቱ አይመለስም።